ከሉህ እስከ ረቂቅ፦ ሕፃናት መጻፍን የተማሩበት መንገድ

የልጁን ደብተር የሚገልጥ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ንጽሕናውን ነው። መስመሩን የጠበቀ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ገጽ ካገኘ «ማሻ አላህ!» ብሎ ያልፋል። የተሰረዘ፣ የተደለዘ፣ በላጲስ ተፈግፍጎ የሳሳ ወረቀት ካየ ግን ፊቱ ይለወጣል። ልጁ የጻፈው ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጠውን ይሁን ወይስ ከራሱ ልብ ያወጣውን፣ ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቁም ጽሕፈቱ እንደ ዶቃ የተደረደረ፣ ቃለ ጽሕፈት ሲነበብለት አንድ ፊደል የማይስት ልጅ፣ «እስቲ ስለ ዒድ ቀን ስድስት መስመር ጻፍ» ሲባል እርሳሱን እየነከሰ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሐሳብ አጥቶ አይደለም። እረፍት ሲወጣ ስለዚያው ዒድ ለጓደኞቹ የሚያወራው ቢጻፍ ሦስት ገጽ ይሞላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር የመጨረሻውም መሆን አለበት ብሎ ያምናል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ ገና ሲወጣ ንጹሕ ሆኖ መውጣት አለበት ብሎ ያስተማረው ትልቅ ሰው አለ።

ውድ አንባቢያን! ከመጀመሪያው የወሕይ ቃል ጀምሮ ንባብንና ብዕርን ያከበረ ኡማ ልጆች ነንና፣ ቀደምቶቻችን ሕፃናትን መጻፍ ሲያስተምሩ ምን ያደርጉ እንደነበር መጠየቅ ይገባናል። መልሱ አንድ ዓይነት ሆኖ አላገኘሁትም። ይልቁንም ዑለማው እርስ በርሳቸው የተከራከሩበት ጉዳይ ነው።

ከመዲና እንጀምር። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) ከበድር ዘመቻ በኋላ በሙስሊሞች እጅ ከገቡት የቁረይሽ ምርኮኞች መካከል የሚከፍሉት ቤዛ የሌላቸው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚህ ሰዎች የአንሷርን ልጆች መጻፍ እንዲያስተምሩና ይኸው ቤዛ እንዲሆናቸው አደረጉ። ኢብን ሰዕድ እንደመዘገቡት አንዱ ምርኮኛ የሚያስተምረው አሥር ልጆችን ነበር። የጦር ምርኮ ዋጋ በልጆች ፊደል ሲተመን ምናልባት ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በተላለፈው ዘገባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሯል። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ እያለቀሰ ወደ አባቱ መጣ። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አስተማሪው እንደመታው ተናገረ። አባትየውም ሰውዬው የበድርን ቂም በልጁ ላይ ሊወጣ ነው ብሎ ተቆጣና ዳግመኛ ወደ እርሱ እንዳይሄድ ከለከለው። በጽሕፈት ትምህርትና በአርጩሜ መካከል ያለው ወዳጅነት ምን ያህል የቆየ እንደሆነ፣ የወላጅ ቁጣም እንዲሁ፣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከምርኮኞቹ ከተማሩት ልጆች መካከል ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) እንደነበረበት ተዘግቧል። ዘይድ ነብዩ መዲና ሲገቡ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ኋላም በነብዩ ትእዛዝ የአይሁዶችን ጽሕፈት በግማሽ ወር ውስጥ እንደተማረ ቲርሚዚ አስተላልፈዋል። ለእኛ ርዕስ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ሌላው ዘገባ ይጠቅማል። ጠበራኒ ባስተላለፉት መሠረት ዘይድ ወሕይ ሲጻፍ የነበረውን ሁኔታ ሲናገር፣ ጽፎ ሲጨርስ ነብዩ መልሶ እንዲያነብላቸው ያዙት እንደነበር፣ የተዘለለ ነገር ካለም ያቀኑት እንደነበር ገልጿል። የጻፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ሌላ ሰው እንዲሰማው ማድረግ፣ ከዚያም ማረም፦ ዑለማው ኋላ «ሙቃበላ» ብለው የጠሩት ሥርዓት መነሻው እዚህ ይታያል። ከአላህ የወረደው ቃል እንኳ በሰው እጅ ሲጻፍ እንደገና ይነበብ ከነበረ፣ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ላሙ የጻፈው አራት መስመር ያለ ዳግም ንባብ ለመምህሩ የሚቀርብበት ምክንያት አይገባኝም።

ሴት ልጆችም ከዚህ አልተገለሉም። ሺፋ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) የተባለችው ሶሐባ የምእመናን እናት የሆነችውን ሐፍሷን መጻፍ እንዳስተማረቻት አቡ ዳውድ ባስተላለፉት ሐዲስ ውስጥ በግልጽ ሰፍሯል። «ሴት ልጅ ቁርአን ካነበበች ይበቃታል፣ መጻፉ ምን ያደርግላታል?» የሚሉ አባቶች ዛሬም አልጠፉምና ይህን በማለፍ ሳይሆን በማስታወስ ነው የምጽፈው።

ስለ ሕፃናት ትምህርት ራሱን ችሎ የተጻፈውና እስካሁን የሚገኘው ቀደምት ኪታብ የቀይረዋኑ ሙሐመድ ኢብን ሰሕኑን «ኣዳቡል ሙዐሊሚን» ነው። ጸሐፊው የሞቱት በ256 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 870) ሲሆን አብዛኛውን የያዙት ከአባታቸው ከታላቁ የማሊኪያ ሊቅ ከሰሕኑን ነው። ኪታቡ አጭር ነው፤ ለፍልስፍና ቦታ የለውም። የሚያወራው ስለ መምህሩ ደመወዝ፣ ስለ እረፍት ቀን፣ ስለ ቅጣት ልክ፣ ስለ ሉህ መታጠቢያ ውሃ ነው። ለእኔ ከብዙ ትልልቅ መጻሕፍት የበለጠ የጣመኝ በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ውሃው የሚለውን እናንሳ። በመጀመሪያዎቹ ኸሊፋዎች ዘመን መምህሩ ዘንድ አንድ ገንዳ ይቀመጥ ነበር፤ ልጆቹ በየተራ በየቀኑ ንጹሕ ውሃ እያመጡ ይሞሉታል፤ ሉሃቸውንም በዚያ ያጥባሉ። ከዚያ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ይፈስስበትና መሬት ይመጠዋል። ቁርአን የተጻፈበት ቀለም የታጠበበት ውሃ በእግር እንዳይረገጥ መሆኑ ነው። ሉህን በእግር ማበስ የተከለከለ ሲሆን፣ በምላስ ቢልሱት ግን ነውር እንዳልሆነ ተጽፏል። እንዲያውም በቀደምቶቹ ዘንድ ቀለም በልብስና በከንፈር ላይ መታየቱ ለሰው ክብር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እናት የቀለም ነጠብጣብ ያለበትን የልጇን ሸሚዝ ስታይ ይህን ብታስታውስ ጥሩ ነበር።

ኢብን ሰሕኑን መምህሩን ካዘዙት መካከል ሁለት ነገር የጽሕፈት አስተማሪን ያስገርማል። አንደኛው፣ ልጆቹ አንዱ ለሌላው ቃለ ጽሕፈት እንዲያነብ ማድረግ ለራሳቸው ጥቅም ስላለው ምንም እንደማይከለክለው፣ ነገር ግን መምህሩ የጻፉትን መከታተል እንዳለበት ይናገራል። ሁለተኛው፣ ልጁ ለአንድ ሰው ደብዳቤ ቢጽፍ ይፈቀዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። ይፈቀዳል ብቻ አላሉም፤ ልጅን የሚያወጣው፣ የሚያበስለው ደብዳቤ መጻፉ ነው ብለዋል። ይህ የተጻፈው ከዛሬ አሥራ አንድ መቶ ዓመት በፊት ነው። ልጅ የሚጽፈው ለመምህሩ እርማት ብቻ ሳይሆን አንብቦ ለሚመልስ፣ ጉዳዩ ለሚያስጨንቀው ሰው ሲሆን እጁም ልቡም እንደሚፈታ አውቀዋል።

ይህን ስናነብ ወላጆቻችን ያሳደጉን ዘመን ትዝ ይለናል። ፊደል የቆጠረ ልጅ በመንደሩ የሁሉ ጸሐፊ ነበር። ጂዳ ለሄደች ልጇ ደብዳቤ የምታስጽፍ እናት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «በመጀመሪያ ለጤናሽ እንደምን አለሽ በል… ቆይ፣ ስለ ላሟ መሞት አትጻፍ፣ ትደነግጣለች… አይ፣ ጻፈው፣ ግን ከሰላምታው በኋላ» ስትል ልጁ የሚማረው ምን እንደሆነ እስቲ አስቡት። ምን እንደሚቀድም፣ ምን እንደሚከተል፣ ምን እንደሚተው፣ ለማን እንደሚጻፍ። ዛሬ በየክፍሉ የሚሰጠው የድርሰት ትምህርት ሊያስተምር የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስልክና የድምፅ መልእክት ያንን ትምህርት ቤት ዘግተውታል።

ወደ ሉሁ እንመለስ። በአገራችንም ከወሎ እስከ ሐረር፣ ከጅማ እስከ ባሌ፣ የቁርአን ቤት ልጅ የመጀመሪያ ደብተሩ ሉህ ነው። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ከሙጫና ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ቀለም ይሆናል፤ ከመቃ የተቀረጸ ብዕር ይዘጋጃል፤ ሸሁ ይጽፉለታል፤ እርሱ በላዩ ወይም በሥሩ ይደግማል፤ ሲሐፍዘው ይታጠባል፤ አዲሱ ይጻፋል። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን የእንጨት ሰሌዳ የተመረጠው ስለሚታጠብ ነው። የሉህ ትምህርት ትልቁ ጸጋም ይኸው ይመስለኛል፦ ምንም ነገር ለዘላለም አይጻፍበትም። የትናንቱ የተጣመመ ዐይን በዛሬው ውሃ ይሄዳል። ልጁ በቀን ውስጥ ይሳሳታል፣ ያብሳል፣ ይደግማል፤ ያበሰውን ቆጥሮ ነጥብ የሚቀንስበት የለም።

ይሁን እንጂ ሉህ የሚያስተምረው መገልበጥን ነው። የራስን ሐሳብ መጻፍ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ይህን ልዩነት ከማንም አጥርተው ያስቀመጡት ኢብን ኸልዱን ናቸው። በቱኒስ በ732 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1332) ተወልደው፣ በአንደሉስና በመግሪብ አገልግለው፣ በካይሮ በ808 (እ.ኤ.አ. 1406) የሞቱት እኚህ ሊቅ በ«ሙቀዲማ» ውስጥ አንድ ምዕራፍ ለሕፃናት ትምህርት ሰጥተዋል። አገር ለአገር እያነጻጸሩ ይሄዳሉ። የመግሪብ ሰዎች ልጁን በቁርአንና በቁርአን አጻጻፍ ላይ ብቻ ያቆዩታል፤ እስኪጨርስ ወይም እስኪያቋርጥ ሌላ አይጨምሩበትም። የኢፍሪቂያ፣ ማለትም የዛሬዋ ቱኒዚያ አካባቢ፣ ሰዎች ሐዲስና ጥቂት ሌላ ዕውቀት ይቀላቅላሉ። የአንደሉስ ሰዎች ግን ቁርአኑን መሠረት አድርገው ግጥም፣ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ሰዋስውና ቁም ጽሕፈት ከልጅነቱ ያስተምሩታል። በምሥራቅ ደግሞ ቁም ጽሕፈት ለብቻው የራሱ መምህር ያለው ሙያ ነው።

የመጨረሻውን ሁለት መንገደኞች ያረጋግጡታል። ኢብን ጁበይር በአሥራ ሁለተኛው፣ ኢብን በጡጣ በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን ደማስቆን ሲያዩ፣ የቁርአን መምህሩና የጽሕፈት መምህሩ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው አስገርሟቸው ጽፈዋል። በዚያ የአላህ ቃል በልጆች ሉህ ላይ ተጽፎ እንዳይታበስ ከአክብሮት የተነሳ ልጆች ቁርአንን በቃል ይቀበላሉ፤ እጃቸውን የሚያፍታቱት ግን በግጥምና በመሳሰለው ነው። ልጁ ከአንዱ መምህር ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ኢብን በጡጣ ይህን መለያየት ለጽሕፈቱ ጥራት ምክንያት አድርገው ያዩታል።

ኢብን ኸልዱን ውጤቱን ሲመዝኑ ድፍረት አላቸው። ቁርአን ማንም ሊመስለው የማይችል ቃል በመሆኑ፣ ልጅ ከእርሱ ውጭ ምንም የሰው ንግግር ካልተለማመደ፣ የራሱን ሐሳብ በዐረብኛ የመግለጽ ችሎታ ሳያዳብር ይቀራል ይላሉ። የመግሪብ ልጆች አንደበትና ብዕር ደረቅ የሆነው በዚህ ነው፤ የአንደሉስ ልጆች ደግሞ በጽሑፍ ቢበልጡም በሌላው ዕውቀት ጎደሉ። ይህ የቁርአንን ክብር የሚነካ ንግግር አይደለም፤ ክብሩን ተቀብሎ የሚነሣ ነው። ሰው የሚጽፈው የሰውን ንግግር አስመስሎ ነውና ለመጻፍ የሚያስመስለው ያስፈልገዋል።

ከእርሳቸው በፊት የሴቪሊያው ቃዲ አቡ በክር ኢብኑል ዐረቢ (በ543 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 1148 የሞቱት) ልጁ መጀመሪያ ቋንቋና ግጥም፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ከዚያ በኋላ ቁርአን እንዲማር ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኢብን ኸልዱን ሐሳቡን ያደንቁና የሕዝቡ ልማድ ግን አይቀበለውም ይላሉ። ምክንያቱም ልጅ በወላጁ እጅ እያለ ቁርአኑን ካልያዘ፣ ጉልምስና ነጥቆት ሊሄድ ይችላል። እኔም የልማዱ ወገን ነኝ። ሳይሐፍዝ አምልጦ ሲቀር ያየሁት ልጅ ብዙ ነው። ግን ቁርአኑን ማስቀደም ማለት ድርሰቱን መተው ማለት አይደለም። አንደሉሶች ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪደውታል።

በዚያው መጽሐፍ ስለ ቁም ጽሕፈት የተናገሩት አንድ ነገር አስተማሪዎችን እስካሁን ያከራክራል። በካይሮ የጽሕፈት መምህራን እያንዳንዱን ፊደል በልክና በሕግ ነጥለው ያስተምራሉ፤ በአንደሉስና በመግሪብ ግን ተማሪው መምህሩ የጻፈውን ሙሉ ቃል እያየ ይገለብጣል። ፊደል በፊደል ነው ወይስ በቃል? የዛሬ መምህራን ስብሰባ ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሣ እንደ አዲስ ግኝት ነው የሚቀርበው።

አሁን ወደ ረቂቁ። በዐረብኛ የድርሰት ረቂቅ «ሙሰወዳ» ይባላል፤ የጠቆረ ማለት ነው። ተጣርቶ የተገለበጠው ደግሞ «ሙበየዳ»፣ የነጣ ነው። ስሞቹ ራሳቸው ትምህርት ናቸው። ሊቃውንቱ መጀመሪያ ወረቀቱን ያጠቁሩታል፦ ይሰርዛሉ፣ በጠርዝ ይጨምራሉ፣ በመስመር መካከል ያስገባሉ። ከዚያ ያነጡታል። ሳይጠቁር የነጣ አልነበረም። ሙሰወዳውን ሳያነጣ የሞተ ደራሲም ጥቂት አይደለም፤ ተማሪዎቹ ከጠቆረው ላይ እያነበቡ ሥራውን ያወጡለታል።

ብዙዎቻችን በመዝሀባቸው የምንሄደው ኢማም ሻፊዒይ (በ204 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 820 የሞቱት) «ሪሳላ» የተባለውን ኪታባቸውን ሁለት ጊዜ ነው የጻፉት። የመጀመሪያውን ዐብዱረሕማን ኢብን መህዲ በጠየቋቸው መሠረት ጻፉ፤ ግብጽ ከገቡ በኋላ እንደገና ጻፉት፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ሁለተኛው ነው። ተማሪያቸው ሙዘኒይ ኪታቡን ሰማንያ ጊዜ እንዳነበቡላቸውና በየጊዜው የሚታረም እንዳላጡ፣ ኢማሙም ከአላህ መጽሐፍ በቀር ፍጹም መጽሐፍ እንደማይኖር እንደተናገሩ ይተላለፋል። የኡሱሉል ፊቅህ መሥራች ጽሑፋቸው ሲታረም አላፈሩም።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. ከ1753 ገደማ እስከ 1825) የዘር ሐረጋቸው ከዚህ ከእኛ ምድር፣ ከጀበርት ነው። አያቶቻቸው በአዝሀር ውስጥ የጀበርቲ ተማሪዎች በሚያድሩበት ሪዋቅ አለቆች ነበሩ። ፈረንሳዮች በ1798 ግብጽን ሲወሩ የጀበርቲ ዓይን አየ፣ እጃቸውም ጻፈ። ግን አንድ ጊዜ አይደለም። በዚያው ዓመት ክስተቱ ገና ትኩስ እያለ አጭር ታሪክ ጻፉ። በ1801 ፈረንሳዮች ሲወጡ ለዑስማኒያው ሹም የሚቀርብ ሁለተኛ መጽሐፍ አዘጋጁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ «ዐጃኢቡል ኣሣር» በተባለው ትልቁ ታሪካቸው ውስጥ ያንኑ ዘመን ለሦስተኛ ጊዜ ጻፉት።

ሦስቱን ያነጻጸረ ሰው የሚያየው አንድ ጸሐፊ ሲበስል ነው። በመጀመሪያው ላይ ቁጣው ይነድዳል። ቦናፓርት በዐረብኛ ያስነገረውን አዋጅ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተከተሉ የሰዋስው ስሕተቱን ያጋልጣሉ፤ ቀይ እስኪርቢቶ የያዘ የመድረሳ መምህር ይመስላሉ። ሁለተኛው ለሹም የሚቀርብ ነውና ያንን ይሸታል። በሦስተኛው ግን ቁጣው ረግቧል፤ የወራሪውን ግፍ ሳይሸሽጉ፣ የፈረንሳዩን ጄኔራል ክሌበርን የገደለው ሰው የቀረበበትን የፍርድ ሂደት ሰነድ እንዳለ አስገብተው ለአንባቢ ያቀርባሉ። ያንኑ ክስተት፣ በዚያው ብዕር። ለማን እንደሚጽፉ ሲለወጥ፣ ጊዜውም ሲርቅ፣ የሚቀመጠውና የሚወጣው ተለወጠ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ረክተው ቢያቆሙ ኖሮ ጀበርቲን ዛሬ የሚያውቃቸው አይኖርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

እኔ በማስተምርበት ክፍል «ጥቁሩ» እና «ነጩ» የሚባሉ ሁለት ወረቀቶች አሉ። ጥቁሩ አንድ ፊቱ የተጻፈበት የአሮጌ ፈተና ወረቀት ጀርባ ነው፤ እዚያ ላይ መሰረዝ ይፈቀዳል፤ ያልሰረዘ ልጅ እንዲያውም ይጠየቃል። ቀጥሎ ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ጎረቤቱ ያልገባውን ይናገራል እንጂ አይስቅም። በማግስቱ፣ ነገሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል። ነጥብ የማይሰጠው ለደብተሩ ብቻ ነው ብዬ ስነግራቸው በመጀመሪያ አያምኑም። ወላጆች መጥተው «ይህ የተጨማደደ ወረቀት ምንድን ነው?» ሲሉኝ የማነሣላቸው የኢብን ኸልዱንን ነገር ነው።

ኢብን ኸልዱን በዛሬዋ አልጄሪያ ቀልዐት ኢብን ሰላማ በተባለ ምሽግ ተገልለው ሳለ የ«ሙቀዲማ»ን የመጀመሪያ ጽሑፍ በአምስት ወር ውስጥ ጨርሰዋል። ጊዜው 779 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1377) ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ራሳቸው ሲናገሩ፣ አምስቱ ወር ከማረምና ከማጥራት በፊት የነበረው ብቻ መሆኑን ለይተው ያስቀምጡታል። ከዚያም ወደ ቱኒስ፣ ቀጥሎም ወደ ካይሮ ሲሄዱ መጽሐፉ አብሯቸው ሄደ፤ ሲጨምሩ፣ ሲለውጡ ኖሩ። ከቅጂዎቹ አንዱ ዛሬ በኢስታንቡል በዓጢፍ አፈንዲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በገጾቹ መካከል የጨመሩት ሐሳብ የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ገብተውበታል። በመጀመሪያው ቅጠል ላይ ደግሞ ሊቁ በገዛ እጃቸው፣ ከዚህ የተሻለ የታረመ ቅጂ እንደሌለ ጽፈው ፈርመውበታል። በዚያው ማስታወሻ መጽሐፉን የጠሩበት ስም «ሙሰወዳ» ነው።